ተጠግኖ የማያውቅ ሞተር ፍለጋ፦ የአንዲት ቮልስ የእድሳት ማስታወሻ

ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቮልሷ በጭነት መኪና ተጭና ግቢዬ ገባች። ለ11 ዓመት ያህል ጉለሌ ውስጥ በአንድ ግቢ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ የኖረች ስትሆን፣ የሸጡልኝ ጡረተኛ መምህር «እንጦጦ ዳገት ላይ አንድ ቀን ጮኻ ቀጥ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካትም» ከማለት በቀር የነገሩኝ ነገር የለም።

ማንኛውንም ቡሎን ከመፍታቴ በፊት ሊብሬውን ይዤ የኋላውን ወንበር አነሣሁ። የሻሲው ቁጥር በመኪናዋ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የሻሲ አጥንት ላይ ተመትቶ ይገኛል። በ119 ይጀምራል፤ 11 የሚለው ተራውን ባለ ጣሪያ ቮልስ ሲያመለክት፣ ሦስተኛው ቁጥር 9 ደግሞ የ1969 እ.ኤ.አ. ሞዴል መሆኗን ይነግረናል፤ በፋብሪካው አቆጣጠር ይህ ሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከ1968 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ነው። ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር በሞተሩ አካል ላይ የተመታው ቁጥር በኤፍ ፊደል ስለሚጀምር ሞተሩ ባለ 1300 ነው፤ በትክክል 1285 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 77 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 69 ሚሊሜትር፣ ጉልበቱም 40 የፈረስ ጉልበት። ሁለቱም ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ተስማሙ። ይህን በቅድሚያ የማደርገው ለወረቀቱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ የሞተሩን ፊደል ሳያውቁ ዕቃ ፍለጋ መውጣት ገንዘብ መጣል ስለሆነ ነው።

ሞተሩን ማውረድ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ማሰሪያ ብቻ ስለሆነ፣ ገመዶቹንና የቤንዚን ጎማውን ለይቼ፣ በክሪክ ደግፌ፣ ከወንድሜ ልጅ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ መሬት አወረድነው።

ጥቅምት 24 ቀን

ሁለቱም ቴስታታዎች (የሲሊንደር ራሶች) ወረዱ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲሊንደር ያለ ብዙ ትግል ወጡ፤ ሦስተኛው ግን ከፒስተኑ ጋር ተጣብቆ አልነቀነቅ አለ። ለስምንት ቀን ናፍጣና የፍሬን ዘይት ቀላቅዬ ስነክረው ሰነበትኩ፤ ትናንት ማታ በእንጨት ጉማጅ እየመታሁ አስለቀቅኩት። የፒስተኑ ጎን ቀልጦ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) በቦታቸው ተበይደው ቀርተዋል።

ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑ አልደነቀኝም። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በማራገቢያ በሚነፋ አየር ነው፤ በዚያ ዘመን ቮልስ ላይ ዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በማራገቢያው ሳጥን ውስጥ፣ በግራ በኩል ነው። ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚወርደው አየር አስቀድሞ በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሞቆና ተዳክሞ ይደርሳል። ፋብሪካው ራሱ ነገሩን አውቆ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን የራሱ መተላለፊያ ወዳለው ቦታ አዛውሮታል። ይሁንና ይህ ጉድለት ብቻውን ሞተር አይገድልም፤ እነዚህ መኪኖች በበረሃም በዳገትም ሠርተዋልና። የገደለው ሌላ ነገር መኖር አለበት ብዬ የጎደለውን መቁጠር ጀመርኩ።

ሙቀት ሲሰማው ተዘርግቶ የአየር ክዳኖቹን የሚከፍተው ቴርሞስታት የለም። ከማራገቢያው ሳጥን ግርጌ ግራና ቀኝ ሆነው አየሩን የሚመሩት ክዳኖች የሉም። ከሲሊንደሮቹ ሥር ተሰክተው አየሩ የሲሊንደሩን ሆድ ሳይዞር እንዳያመልጥ የሚያደርጉት ሁለት ትንንሽ ላሜራዎች የሉም። ሞተሩን ከአካሉ ጋር ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማም የለም፤ በመሆኑም ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር በዚያ ክፍተት ወደ ላይ ተመልሶ በማራገቢያው እንደገና ይሳብ ነበር። ከዚህ ቀደም ሞተሩን የከፈተ አንድ ጋራዥ «ይህ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ እኛ ጋ አያስፈልግም» በሚል እምነት አውልቆ ጥሎታል። ይህን አባባል እኔም ከአንድ ሦስት ሜካኒክ አፍ ሰምቼዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው፦ ቴርሞስታቱ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። ግማሹ ግን ስሕተት ነው፦ እነዚያ ክዳኖች ሲከፈቱ አየሩን ወደ ቴስታታዎቹና ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍሉትም እነሱ ናቸው።

ኅዳር 8 ቀን

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሙሉ ቀን ዋልኩ። ከመጀመሪያው ሱቅ «የቮልስ ቴርሞስታት አላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ልጁ ሳያቅማማ የቶዮታ የውኃ ቴርሞስታት አወጣልኝ። ቮልስ ውኃ የለውም ስለው ሳቀና «ታዲያ ቴርሞስታት ለምን ይፈልጋል?» አለኝ። ጥያቄው ከብዙ ሜካኒኮች መልስ የተሻለ ነበር።

ያን ጊዜ ስም መጥራቴን ትቼ በቁጥር መጠየቅ ጀመርኩ። በዚህ ሙያ አንድ ዕቃ ሦስት አራት ስም አለው፤ ሜካኒኩ በጣልያን ዘመን ስሙ ይጠራዋል፣ ነጋዴው ከካርቶኑ ላይ ባነበበው እንግሊዝኛ፣ ገዢው ደግሞ በሚሠራው ሥራ። ቁጥሩ ግን አንድ ነው። የፋብሪካው ቁጥር በሦስት በሦስት አሃዝ የተከፈለ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይነግራሉ፤ 111 ወይም 113 ካለ የቮልስ፣ 211 ካለ የኮምቢ፣ ማለትም የቮልስዋገን ሚኒባስ ነው። ቀጥሎ ያለው አሃዝ ዘርፉን ያሳያል፦ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 አካል፣ 9 ኤሌክትሪክ። በመጨረሻ የሚጨመረው ፊደል ዕቃው መሻሻሉን ያመለክታል። ይህን ያወቀ ሰው አቧራ ከለበሰ ሣጥን ውስጥ ያለ መለያ የተጣለ ብረት ሲያገኝ እንኳ፣ ጎኑን ጠርጎ ቁጥሩን በማንበብ የምን እንደሆነ መለየት ይችላል። ዛሬ በዚህ መንገድ አንድ የፍሬን ሲሊንደርና የካርቡራቶር ክዳን አገኘሁ፤ ሻጩ ሁለቱንም የፔዦ ናቸው ብሎ አስቀምጧቸው ነበር።

ከቀትር በኋላ ወደ አንድ አዛውንት ነጋዴ ወሰዱኝ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ ከማራገቢያው ሣጥን ሥር የሚገባው ክዳን ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ቁጥሩን የጻፍኩበትን ወረቀት ትኩር ብለው ተመለከቱና፦ «ልጄ፣ እሱን እኮ አውልቀን የምንጥለው እኛው ነን። የጣልነውን መልሰህ ከእኛ ትገዛለህ?» አሉኝ። ከዚያም ትንሽ አሰብ አድርገው «እኛ እጅ ያልገባ ሞተር ፈልግ» ሲሉ ጨመሩ።

ከሱቃቸው ስወጣ የያዝኩት ሁለት ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)ና ይህን ምክር ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ 13 ቀን

ወሩ በባቲላሜራ ሥራ አለቀ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ፣ አሲዱ ለዓመታት የበላው የወለል ላሜራ ከሥሩ መሬት ያሳይ ነበር። ሠራተኛው የበሰበሰውን ቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ ደቅድቆ በየደው፤ በስቱኮ ሊሸፍነው ሲል ግን ከለከልኩት፤ ወለል ላይ ስቱኮ የሚቀባ ሰው ዝገቱን እየመገበ ነውና። የፊት ፓራፋንጎዎቹ ደህና ናቸው። ዱኮው የመጨረሻ ሥራ ስለሆነ አሁን አላነሣውም።

ጥር 14 ቀን

ከጥምቀት ማግስት የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ገባ። ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች አንዱን ለእኔ ሰጥቶኝ ስለነበር፣ አራት ሲሊንደር ከነፒስተኑና ከነፋሻው፣ ሙሉ የጓርኒሲዮን (የማሸጊያ) ስብስብና ስምንት የቫልቭ መግፊያ ዘንግ ቱቦዎች ደርሰውኛል። የቮልስ ምርት ጀርመን ውስጥ ቀድሞ ቢቆምም ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ቀጥሎ በ21,529,464ኛዋ መኪና ነው ያበቃው፤ ብራዚልም እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ሠርታለች። ለሞተሩ የሚሆን ዕቃ ዛሬም አዲስ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሲሊንደሮቹን ለማግኘት ግን ሁለት ወር ፈጅቷል። በየሱቁ ሞልቶ የሚገኘው 85.5 ሚሊሜትር፣ ማለትም የ1600 ነው፤ የእኔ ባለ 77 ሚሊሜትሩ ተፈላጊነቱ አናሳ ነው። ያማከርኳቸው ሁሉ «ወደ 1600 ቀይረው፣ ጉልበትም ታገኛለህ» ብለውኛል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም የ1300 ቴስታታ ካልተቀየረ ወይም ቶርኖ ቤት ገብቶ ካልሰፋ ትልቁን ሲሊንደር አይቀበልም፤ ከዚህም በላይ ችግሩ ሙቀት በሆነ ሞተር ላይ ተጨማሪ ሙቀት የሚፈጥር ሲሊንደር መጨመር አልታየኝም።

የካቲት 9 ቀን

ከሲሊንደር ሥር የሚገቡትን ላሜራዎች በየትም አጥቼ ራሴ ልሠራቸው ወሰንኩ። በካርቶን ልክ ቆርጬ፣ ቅርጹን በሲሊንደሮቹ መካከል እየሞከርኩ አስተካከልኩና ምናለሽ ተራ ወስጄ ለአንድ ቀጥቃጭ ሰጠሁት። ሰውዬው ከበርሜል ክዳን ቆርጦ፣ በባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ አስደግፎ በመዶሻ እያለሰለሰ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን አጠፈልኝ። ቆንጆ ሆነዋል፤ ትክክል ስለመሆናቸው ግን ማመሳከሪያ የለኝም።

መጋቢት 3 ቀን

ቢሾፍቱ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ ከሐይቁ በላይ ባለ ሰፈር በአንድ ግቢ አጥር ላይ የኮምቢ ጣሪያ ብቅ ብሎ አየሁ። በሩን አንኳኳሁ። ኮምቢው ጎማ የለውም፤ በድንጋይ ላይ ቆሞ የዶሮ ቤት ሆኗል። የቤቱ እመቤት ባለቤታቸው ካምቢዮው ሲሰበር እንዳቆሙትና ብዙም ሳይቆዩ እንዳረፉ ነገሩኝ። ሞተሩ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ኧረ ልጄ፣ ሞተሩማ ምንም አልነበረውም» አሉ።

የኋላውን ክዳን ስከፍት እጄ ተንቀጠቀጠ። ከአይጥ ጎጆና ከላባ በስተቀር ሁሉም በቦታው ነው፤ የሞተሩ ቁጥር በቢ የሚጀምር 1600 ሲሆን፣ የማራገቢያው ሣጥን ከነክዳኖቹ፣ ከሥር ደግሞ በቀኝ በኩል ከሲሊንደሮቹ በታች ቴርሞስታቱ ከነዘንጉ ተንጠልጥሏል። አዛውንቱ ነጋዴ ያሉት ይኸው ነበር፤ ሜካኒክ እጅ ሳይገባ በሌላ በሽታ የሞተ ሞተር።

እመቤቲቱ ኮምቢውን ሊሸጡ አልፈለጉም፤ ዶሮዎቹ የት ይድረሱ? ሞተሩን ብቻ ለመውሰድ፣ ዋጋውን ከፍዬ፣ በጎደለው ቦታ ድመትም ሸለመጥማጥም የማያስገባ የቆርቆሮ መዝጊያ ላሠራ ተስማማን። «ስትሠራ ቀስ በል፣ ሁለቱ ታቅፈዋል» ብለው አስጠነቀቁኝ። ከወንድሜ ልጅ ጋር ሞተሩን ያወረድነው በሹክሹክታ ነው።

መጋቢት 6 ቀን

ከኮምቢው የወጡትን የሲሊንደር ሥር ላሜራዎች ከምናለሽ ተራዎቹ ጎን አስቀመጥኳቸው። የእኔዎቹ ስፋታቸው ልክ ነው፤ ይሁንና የፋብሪካዎቹ ጫፋቸው ወደ ሲሊንደሩ ሆድ ታጥፎ ዙሪያውን ሲያቅፍ፣ የእኔዎቹ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። በዚያ ክፍተት የሚያመልጠው አየር ቀላል አይሆንም ነበር። ቴስታታዎቹን ሳልዘጋ ስለደረሱልኝ ዕድለኛ ነኝ።

ማታ ቴርሞስታቱን ወደ ቤት አስገብቼ በድስት ውኃ ፈተንኩት። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የናስ ቆርቆሮ ሲሆን፣ በጎኑ 65–70 ዲግሪ የሚል ታትሞበታል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ፈተናው ይበቃል። በወጥ ቤት ቴርሞሜትር እየተከታተልኩ ስጠብቅ፣ 60 ላይ ምንም አልሆነም፤ 66 ላይ መዘርጋት ጀመረ፤ 70 ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ተወጠረ። ከውኃው ሳወጣው ቀስ እያለ ተሰበሰበ። ባለቤቴ ድስቱን ከዚህ በኋላ ለምግብ እንደማትጠቀምበት ነግራኛለች፤ አልተከራከርኩም።

ይህ ዕቃ ሲበላሽ እንኳ ተዘርግቶ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ክዳኖቹ ክፍት ይሆናሉ እንጂ ሞተሩን አያፍኑም። «ተበላሽቶ ሞተር ያቃጥላል» ብለው የሚያወልቁት ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

መጋቢት 21 ቀን

የሞተሩ ግጣም። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን ሲኖርበት፣ የሚስተካከለውም ከቮላኖው (ከዘንጉ ጫፍ ካለው ከባድ መንኮራኩር) ጀርባ በሚገቡ ሦስት ቀለበቶች ውፍረት ነው። ሁለት ወፍራም አድርጎ ማስገባት ያጓጓል፤ ቀለበቶቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ሥራውን ስለሚካፈሉት ግን ሦስት መሆናቸው ግድ ነው። ቀለበት እየቀያየርኩ አራት ጊዜ ለካሁ፤ 0.10 ላይ ቆምኩ።

የቫልቭ መግፊያ ዘንግ ቱቦዎቹ ጫፋቸው የተጣጠፈ ስለሆነ፣ ከመግባታቸው በፊት ተስበው ከ190 እስከ 191 ሚሊሜትር መርዘም አለባቸው፤ ካጠሩ ማኅተሙን አይጫኑትም፣ ዘይት ያንጠባጥባሉ። አንዱን በኃይል ስስበው እጥፋቱ ተሰነጠቀብኝ፤ ከኮምቢው ሞተር አንድ ወስጄ ተካሁት። የብየዳ መስመራቸውን ወደ ላይ አዙሬ ሁሉንም አስገባሁ። ቫልቮቹን ቀዝቃዛ ሳሉ በ0.15 ሚሊሜትር አስተካከልኩ።

ሚያዝያ 18 ቀን

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሞተሩን አስነሣነው፤ ይህም እንዲሁ በዋዛ አልሆነም። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሞልተን፣ ብልጭታውን ለይተን የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖው (በማስነሻው) አዞርነው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስነሣ በካርቡራቶሩ በኩል ነበልባል ተፋች፤ ማርሚታውም እንደ ጥይት ጮኸ። ለግማሽ ሰዓት ፑንቲናውን (የብልጭታ መቆራረጫውን) እና ሰዓቱን (ብልጭታው የሚሰጥበትን ጊዜ) ስመረምር ቆየሁ። ጥፋቱ የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ነበር፤ የወንድሜ ልጅ ቶዮታ ላይ የለመደውን 1-3-4-2 የሲሊንደር ማቀጣጠያ ቅደም ተከተል ተከትሎ ሰክቷቸዋል፤ የቮልስ ግን 1-4-3-2 ነው። ሁለቱን ስናቀያይር ወዲያው ያዘች።

ጭሱ ጥቁር ነበር። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለባሕር ጠለል የተቆረጠ ጂግለር (የካርቡራቶሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጂግለሩ ላይ የሚታተመው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ሲሆን፣ የእኔው 130 ተብሎበታል፤ ማን እንዳስገባው እንጃ። መጀመሪያ 125፣ ቀጥሎ 120 ሞከርኩ። በ120 የካንዴላው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

ግንቦት 10 ቀን

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጣሁ። በዘይት መለኪያው ዘንግ ቦታ የሚገባ ቴርሞሜትር ይዤ ነበር፤ ሽሮ ሜዳ 82 ዲግሪ፣ ዳገቱ መሐል 98፣ ላይ ስደርስ 104። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከኋላዬ አውቶቡስ እየጮኸብኝ፣ ድምጿ አንድ ጊዜም አልተለወጠም። ላይ አቁሜ ሞተሩ እየሠራ የቴርሞስታቱን ዘንግ በባትሪ አየሁት፤ እስከ ጫፉ ተገፍቶ ነበር።

ቁልቁል ስወርድ ለመምህሩ ደወልኩላቸው። ያወጋሁትን ሁሉ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች?»

ትሸታለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለምጄው ችላ ብዬው እንደነበር ገባኝ። ቤት ስደርስ የፊቱን ኮፈን ከፍቼ፣ ቤንዚን ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ የሚወስደውን ወፍራም ጎማ በጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰነጠቀ። የውስጥ ስፋቱን ለክቼ ጽፌያለሁ፤ ነገ ወደ ሶማሌ ተራ።